ለራስ ሲቆርሱ፦ ስለ መውለጃ ቦታ ምርጫ የቀረበ የኅሊና ጥያቄ

ለእጮኞችና ለወጣት ባለ ትዳሮች በምንሰጠው ትምህርት ላይ የሚቀርቡልን ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመን የምናውቃቸውና መልስ ያዘጋጀንላቸው ናቸው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ግን በአዲስ አበባ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ባል ተነሥቶ ያቀረበው ጥያቄ ያላሰብነው ነበር። ባለቤቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እርሱ ደመወዝተኛ ሲሆን በዕቁብ ያጠራቀመው ጥቂት ገንዘብ አለው። በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር አንዲት ጎረቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ እርሷም የምትወልደው በዚያው ወር ነው። ሁለቱ ሴቶች የቅድመ ወሊድ ክትትላቸውን የሚያደርጉት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነበር። በቀጠሯቸው ቀን ማልደው አብረው ይሄዳሉ፤ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ስለሚወለዱት ልጆቻቸው እየተጨዋወቱም ይመለሳሉ።

«እኔ ግን» አለ ወጣቱ፣ «ባለቤቴን ወደ ግል ሆስፒታል ወስጄ ካርድ አወጣሁላት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ እርሷ ግን አለቀሰች። ‹በቀጠሯችን ቀን መጥታ በሬን ስታንኳኳ ምን ልበላት?› አለችኝ። ለመሆኑ በድያለሁን?»

ከመካከላችን በዕድሜ የገፉ አንድ አስተማሪ ፈጥነው «ልጄ፣ ገንዘቡ የላብህ ዋጋ ነው፤ ሚስትህም የእግዚአብሔር አደራ ናት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ምን በደል አለበት?» አሉት። ሌላው ደግሞ «ክርስቲያን ከድኃው ወገኑ ጋር መሰለፍ ይገባዋል እንጂ በገንዘቡ ኃይል ተለይቶ መሄድ የለበትም» ሲሉ ተቃወሟቸው። ጊዜው መሽቶ ስለ ነበር እኛ የፊተኛውን አስተያየት ደግፈን ስብሰባውን በጸሎት ዘጋን። ወጣቱም አመስግኖን ሄደ፤ በፊቱ ላይ ግን መልስ ያገኘ ሰው መልክ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ደጋግመን ስናስበው፣ የሰጠነው መልስ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ እንደ ነበር ተረድተናል። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም ያን ጉድለት ለመሙላት ነው።

ፍርሃቱ እውነተኛ ነው

በቅድሚያ ወጣቱን ወደ ግል ሆስፒታል የመራው ምን እንደ ሆነ በትክክል መመዘን ይገባናል። በአገራችን የወለደች ሴት ስትጠየቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። ይህን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ሰማነው ትርጉሙን ልብ አንለውም። «ማረ» የሚባለው ግን ከጭንቅና ከሞት አፋፍ ለተመለሰ ሰው ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ይህን ቃል የመረጡት፣ መውለድ ሕይወትን የሚያስይዝ ፈተና መሆኑን ከኑሮ ስለ ተማሩ ነው።

ቁጥሩም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን። በ2000 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ በሚመጣ ችግር ይሞቱ ነበር። በ2016 በተደረገው ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 412 ወርዷል። ከ100 ወሊዶች መካከል በጤና ተቋም የሚፈጸሙት በ2000 አምስት ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ሆነዋል። በዚህ መሻሻል ውስጥ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በገጠር የተሠሩት ጤና ጣቢያዎችና ለየወረዳው የተሰጡት አምቡላንሶች ድርሻ ስላላቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ወረደ ማለት ፍርሃቱ ጠፋ ማለት አይደለም።

የጤና ባለሙያዎች ስለ እናቶች ሞት ሲያስተምሩ ሦስት መዘግየቶችን ይጠቅሳሉ። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን የሚጠፋው ጊዜ ነው። ሁለተኛው በመንገድና በመጓጓዣ ምክንያት የሚጠፋው ሲሆን፣ ሦስተኛው ከጤና ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን እርዳታ ሳያገኙ የሚያልፈው ነው። ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት የሚፈሳት እናት ያላት ጊዜ በቀናት ሳይሆን በሰዓታት የሚቆጠር ነው። የገጠሯን እናት ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋት መንገዱ ነው። በ2016 ጥናት መሠረት ከ100 ወሊዶች 97ቱ በጤና ተቋም በሚፈጸሙባት በአዲስ አበባ ግን ቤተሰብን የሚያስጨንቀው ሦስተኛው መዘግየት ነው። ደርሰን ማን ይቀበለናል? አልጋ ይኖራልን? አዋላጇ ስንት እናቶችን በአንድ ጊዜ ትይዛለች? ብሎ መጠየቅ ቅምጥልነት አይደለም።

እንዲህ ያለውን ጭንቀት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይንቀውም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች ሁኔታ ባወጡት መልእክት፣ አንድ አባት ለወለዳቸው ልጆች የሚያስፈልጋቸውን ማዘጋጀት በተፈጥሮ ሕግ የተጣለበት ግዴታ መሆኑን አስተምረዋል። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም ፍቅር ሥርዓት እንዳለው፣ ማለትም በሥጋና በኑሮ ለሚቀርቡን ሰዎች ያለብን ግዴታ ለሩቁ ካለብን እንደሚበልጥ አብራርቷል። ስለዚህ ባል ስለ ሚስቱ፣ አባትም ስላልተወለደ ልጁ አብልጦ ቢጨነቅ በፍቅር ላይ አልበደለም፤ ፍቅር የጀመረው ከዚያ ነውና። እኚያ አረጋዊ አስተማሪም የተናገሩት ይህንኑ ነበር።

ገንዘብ የሚገዛውና የማይገዛው

እንግዲህ ምርጫው የተፈቀደ ከሆነ በማስተዋል ሊደረግ ይገባዋል። በደርግ ዘመን የግል ሕክምና እጅግ የተወሰነ ስለ ነበር ይህ ጥያቄ ለብዙ ቤተሰብ አይነሣም ነበር። ከ1991 በኋላ ግን የግል ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች በከተሞቻችን እየበዙ ሄደዋል። ብዙዎቻችንም «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» እንደሚባለው፣ የከፈልን እንደ ሆነ ሁሉ ነገር የተሟላልን ይመስለናል።

በእርግጥ ገንዘብ የሚገዛቸው ነገሮች አሉ። ለብቻ የሆነ ክፍል ይገዛል፤ እናት ወይም እኅት ከምጧ ሴት አጠገብ እንድትቀመጥ ያስፈቅዳል፤ ከእርግዝናው ጀምሮ የሚያውቃት ሐኪም በወሊዷ ቀን እንዲገኝ ያደርጋል፤ በትሕትና መጠራትንና ጥያቄን ሳይፈሩ መጠየቅን ያስገኛል። እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም። ነገር ግን ያማረ ክፍል የተሟላ ሕክምና ማለት አይደለም። ስለሆነም ቤተሰብ ቅድመ ክፍያውን ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ብዙ ነገር አለ። ሌሊት የሚያድር ሐኪምና አዋላጅ አለን? የቀዶ ጥገናው ክፍል በማናቸውም ሰዓት ይሠራልን? ደም ቢያስፈልግ ከየት፣ በምን ያህል ጊዜ ይመጣል? ሕፃኑ እንደ ተወለደ ባይተነፍስ የሚረዳው ባለሙያና መሣሪያ ተዘጋጅቷልን? ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ቢያጋጥም ወዴትና በምን ትወሰዳለች? ጠቅላላው ወጪስ ስንት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚያጠግብ መልስ የማይሰጥ ቤት፣ መጋረጃው የቱንም ያህል ቢነጣ፣ በሚገባ ከተደራጀ ጤና ጣቢያ አይበልጥም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ስለ ቀዶ ጥገና አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይሆንብናል። በ2008 በአገሪቱ የጤና ተቋማት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ በመንግሥት ተቋማት ከሚወልዱ 100 እናቶች 15 ያህሉ በቀዶ ጥገና ሲገላገሉ፣ ለትርፍ በሚሠሩት የግል ተቋማት ግን ቁጥሩ 46 ነበር። በዚያው ጊዜ በመላው አገሪቱ ከሚወልዱት እናቶች ሁሉ በቀዶ ጥገና የሚገላገሉት ከ100 አንዲት እንኳ አይሞሉም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ በአንድ ሕዝብ ዘንድ በቀዶ ጥገና የሚፈጸመው ወሊድ ከ100 ከ10 ሲያልፍ፣ የእናቶችና የሕፃናት ሞት በዚያ ምክንያት ሲቀንስ አለመታየቱን ገልጿል።

ይህን ስንጠቅስ የግል ሐኪሞችን ሁሉ በገንዘብ ወዳድነት ለመክሰስ አይደለም። ቀዶ ጥገና በጊዜው ሲደረግ እናትንም ልጅንም ከሞት ያድናል፤ አስቸጋሪ ሁኔታ ያጋጠማቸው እናቶች ወደዚያ መሄዳቸውና ምጥን ፈርተው ራሳቸው የሚጠይቁም መኖራቸው አይካድም። ቢሆንም «ቀዶ ጥገናው ያስፈለገው ለምንድር ነው?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ የቤተሰቡ መብት ነው፤ በቂ ምክንያት ማስረዳትም የሐኪሙ ግዴታ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ አንዲት እናት የቀዶ ጥገና ቢላዋ ባለማግኘቷ ትሞታለች፤ ሌላዋ ደግሞ ሳያስፈልጋት ልትቀደድ ትችላለች። የሁለቱም በሽታ አንድ ነው፤ ሕክምናው የሚከተለው ችግሩን ሳይሆን ገንዘቡን መሆኑ ነው።

በመጨረሻም ስለ ዕዳ እናሳስባለን። ለሦስት ቀን አልጋ ሲባል የዓመት ቀለብ መሸጥ፣ ለይሉኝታ ተብሎም መበደር፣ ሕፃኑን ከዕዳ ጋር ወደ ቤት ማስገባት ነው። ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ የግል ሆስፒታል መምረጥ ከፍቅር የሚመነጭ ሳይሆን ከውድድር የሚመነጭ ነው። አራስ የሚያስፈልጋት ገንፎና አጥሚት፣ ዕረፍትና የቅርብ ሰው ስለሆነ፣ ለዚያም የሚሆን ሊተርፍ ይገባል።

ለገበያ መቅረብ ያልነበረበት ነገር

አሁን ወደ ጥያቄው ሥር እንመጣለን። ገንዘብ ይገዛቸዋል ብለን ከላይ የዘረዘርናቸውን መልሰን እንመልከት፤ ከዕይታ መከለል፣ የቅርብ ሰው አጠገብ መኖር፣ በስም መጠራት፣ አለመሰደብ፣ የሚደረግላትን አስቀድሞ ማወቅ። ከእነዚህ መካከል ለሀብታም ሴት የሚገባ፣ ለድኃ ሴት ግን የማይገባ የትኛው ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ በወሊድ ጊዜ ክብርን መንፈግና ማንገላታት የእናቲቱን መብት መጣስ መሆኑን አስታውቋል። በ2018 ባወጣው መመሪያም እያንዳንዷ ምጥ የያዛት ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። የአገራችን የጤና ዕቅድም ከ2015 ጀምሮ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ዓላማው አድርጎ ይዞ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ባል የከፈለው ለቅንጦት አይደለም፤ ለማንኛዋም እናት ያለ ዋጋ ሊሰጥ የሚገባውን ነገር በዋጋ ገዛ። ባለቤቱ ያለቀሰችውም፣ በቃላት ባታስረዳውም፣ ይህ ስለ ተሰማት ይመስለናል። ዕንባዋ ውለታ ቢስነት አልነበረም።

በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። ይህ ታላቅ ነገር ስለሆነ ሊቃለል አይገባውም። በብዙ ሥፍራም ሠራተኞቹ ለአራሷ ገንፎ አገንፍተው፣ ቡና አፍልተው፣ እናቶች እንደ ቤታቸው እንዲወልዱ ሲደክሙ እናያለን። በሌላ ሥፍራ ግን ነጻ ነው ቢባልም ጓንትና መድኃኒት ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ ይባላል፤ ባል ከአጥር ውጭ ቆሞ ያድራል፤ ምጥ የያዛት ሴት ቁጣ ትሰማለች። ለዚህ ሁሉ አዋላጅ ነርሷን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስትሮጥ የምታድር ባለሙያ የሚያንሳት ብዙ ጊዜ ርኅራኄ ሳይሆን እጅ ነው።

ክብርና ደኅንነት በውድ ዋጋ ብቻ የሚገኙ ነገሮች እንዳልሆኑ የሚያሳይ ምሳሌ ከእኛው ቤት አለ። በጉራጌ ምድር፣ በወልቂጤ አካባቢ የሚገኘውን የአጣጥ ሆስፒታል የካቶሊክ ደናግል የሆኑት የሕክምና ተልእኮ እኅቶች በ1969 መሠረቱት። በ1976 ደግሞ የወሊድ ጊዜያቸው የተቃረበና ሥጋት ያለባቸው እናቶች አስቀድመው መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ በግቢው ውስጥ ተዘጋጀ። ሴቲቱ ምጥ ከመያዙ በፊት ትመጣለች፤ እንደ እርሷ ከሚጠብቁ እናቶች ጋር ትሰነብታለች፤ ጊዜዋ ሲደርስ ማዋለጃው ክፍል ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃታል። ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በዚያ የወለዱ ከ24,000 በላይ እናቶች መዝገብ ተመርምሮ ነበር። በማረፊያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ችግሩ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ መሆናቸው እሙን ነው፤ ትምህርቱም በዚሁ ላይ ነው። ቀደም ብሎ መድረስና አጠገብ መሆን ብቻ ስንት ሕይወት እንደሚያድን ያሳያል። ይህም ተቋም የመንግሥት አይደለም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ተቋሙ የመንግሥት ነው ወይስ የግል የሚል አይደለም፤ በሩ ለማን የተከፈተ ነው የሚል ነው።

ከሰልፉ ቢወጡም

እዚህ ላይ ሁለተኛው አስተማሪ የተናገሩት ቃል ይታወሰናል። ሁላችንም በአንድ ሰልፍ እንቁም ማለታቸው ነበር። ሐሳባቸው የቀና ቢሆንም፣ አንዲትን ነፍሰ ጡር ሴት ለመርሕ ሲባል የከፋውን እርዳታ እንድትቀበል ማስገደድ ለጎረቤቷ የሚያተርፍላት ነገር የለም። እንዲያውም አልጋው ለሌላ እናት ይለቀቃል የሚል ሰው ቢኖር ስሕተት አይደለም። ሆኖም ከጤና ጣቢያው ሰልፍ የሚወጣው ማን እንደ ሆነ እናስተውል። ማንበብና መጻፍ የሚያውቀው፣ አቤቱታ ማቅረብ የማይፈራው፣ ቢናገር የሚሰማው ሰው ነው። እርሱ ሲሄድ ከወንበሩ ላይ አንድ ተገልጋይ ብቻ አይጎድልም፤ አንድ ድምፅም አብሮ ይሄዳል። በቦታው የሚቀሩት ዝም ማለትን የለመዱት ናቸው። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው አባባል ጉዳት የሚያደርሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሰው ስለ ራሱ በማሰቡ ሳይሆን፣ ስለ ራሱ ካሰበ በኋላ ሌላውን በመርሳቱ ነው።

በእርግጥስ የግል የምንለው ነገር ምን ያህል የግል ነው? በግል ሆስፒታል የሚያዋልዱት ሐኪሞችና አዋላጆች ብዙዎቹ የተማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች፣ በሕዝብ ገንዘብ ነው። እጃቸውን ያፍታቱትም በመንግሥት ሆስፒታሎች፣ በድኆች እናቶች አልጋ አጠገብ ነው። ነገሩ ሲከብድ የግሉም ሆስፒታል በሽተኛውን ወደ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል የሚልክበት ጊዜ አለ። ከሁሉም በላይ ደም የፈሰሳት እናት የምትቀበለው ደም በአንድ የማታውቀው ሰው ክንድ ውስጥ የነበረ፣ ያለ ዋጋ የተሰጠ ነው። እንግዲህ በገንዘቡ ለብቻው የወለደ ማንም የለም፤ ሁላችንም የምንወለደው በሌሎች ሰዎች እጅ ላይ ነው።

ሊዮን 13ኛ በዚያው መልእክታቸው፣ ሰው ለቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ካዘጋጀ በኋላ ከሚተርፈው ለችግረኛ ማካፈል ግዴታ እንዳለበት አክለዋል። ስለ ፍቅር ሥርዓት ያስተማረው ቅዱስ ቶማስም፣ ባዕድ የሆነ ሰው በብርቱ ችግር ላይ ቢወድቅና የራስ አባት ግን በእንዲህ ያለ ችግር ላይ ባይሆን፣ አስቀድሞ መረዳት ያለበት ያ ባዕድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን ገልጿል። ቅርበት ግዴታን ያስቀድማል እንጂ ሌላውን ግዴታ አይሽርም። ደጉ ሳምራዊም ቁስለኛውን ለማስታመም ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ገንዘብ ከፍሏል። ለእርዳታ ገንዘብ መክፈል በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ምሳሌውን ታላቅ ያደረገው ለማን እንደ ከፈለ ነው።

ታዲያ አንድ ተራ ምእመን ምን ሊያደርግ ይችላል? ብዙ ነው። በሰፈሩ ያሉትን ነፍሰ ጡሮችና የሚወልዱበትን ወር ይወቅ፤ ሌሊት ምጥ ቢመጣ የሚጠራውን መኪናና የሚከፍለውን ሰው አስቀድሞ ይወስን። ጤናው የፈቀደለት ደም ይለግስ። ጤና ጣቢያው ሕዝቡን ለውይይት ሲጠራ፣ እዚያ የማይታከመውም ጭምር ይገኝ፤ በጨዋ ቃል ይናገር፤ ስለ ጎደለው ጓንትና መድኃኒት፣ ስለ አዋላጆች ቁጥር፣ ስለ መጋረጃ እንኳ ሳይቀር ይጠይቅ፤ በሚገባ ያገለገለችውንም ባለሙያ በሕዝብ ፊት ያመስግን። ዕድራችን ለሞት የሚያዋጣውን ያህል ባይሆንም ለልደት ጥቂት ቢያዋጣ ነውር አይሆንም። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችም በጋብቻ ዝግጅት ትምህርታችን ውስጥ ስለ ወሊድ ዝግጅትና ስለ አደጋ ምልክቶች ባለሙያ ጋብዘን ማስተማር አለብን።

የወጣቱን ነገር ሳንነግራችሁ ብንዘጋ ቅር ይላችኋል። ከሁለት ወር ያህል በኋላ አግኝተነው እንደ ነገረን፣ ባለቤቱ በመጨረሻ በግል ሆስፒታል ለመውለድ የተስማማችው፣ ጎረቤቷን ምጥ በያዛት ሰዓት ባሏ ሊያደርሳት ቃል ከገባ በኋላ ነበር። እንጀራ ጋጋሪዋን ምጥ የያዛት በእኩለ ሌሊት ነው። ወጣቱ ታክሲ ጠርቶ ጤና ጣቢያ አድርሷት እስኪነጋ ከበሩ ሳይርቅ አደረ። በዚያች ሌሊት አንዲት ወጣት አዋላጅ ሦስት እናቶችን ብቻዋን ስታዋልድ ዐየ። ወደ ንጋት ወጥታ «ወንድሜ፣ ወንድ ልጅ ነው፤ እናቲቱም ደኅና ናት» ስትለው ድካሟ ከድምፅዋ ይታወቅ ነበር። ያን ዕለት የሸሸው ከክፉ ሰዎች እንዳልነበረ ተረዳ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ የእርሱ ባለቤት በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወለደች። ምክንያቱን እነርሱም አልጠየቁም፤ በውልም አልተነገራቸውም። ሒሳቡ የዕቁቡን ገንዘብ ጨርሶ ብድር አስጨመረ። ቤት ስትገባ ቁስሉ ስላልጠገገ ጎንበስ ማለት አልቻለችም ነበርና፣ ገንፎውን ያገነፋችላት ያችው ጎረቤቷ ናት፤ ገና በአራስነቷ፣ ልጇን አልጋው ላይ ከሕፃኗ አጠገብ አስተኝታ። «እኔ አገዝኋት ስል እርሷ ባሰችኝ» አለን ወጣቱ። ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያው በሚጠራው ስብሰባ ላይ ይገኛል፤ ለማታው ተራ አንድ አዋላጅ እንድትጨመር መጠየቁንም አላቋረጠም። እስካሁን አልተጨመረችም።

አሁን ያን ጥያቄ መልሶ ቢጠይቀን የምንመልስለት እንዲህ ነው። ወንድማችን ሆይ፣ ሚስትህን በመረጥህላት ቦታ በማስወለድህ አልበደልህም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የተባለውም እውነት ነው፤ ነገር ግን እንጀራው የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ የቆረሰ ሰው ሞሰቡን ለተቀሩት ያሳልፋል። የባለቤትህን ዕንባ ግን በመልሳችን ለማድረቅ መቸኮላችን ጥፋት ነበር። ያ ዕንባ ገና ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለብን የሚያስታውሰን ነውና፣ በየሰፈሩ ያለችው እናት ሁሉ በክብር ወልዳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እስክትባል ድረስ እግዚአብሔር በልባችን ያቆይልን።